ጉዱ ካሳ ባኮ ላይ

በድርሰት የተፈጠረ ሰው እንደ ጎረቤት የሚታማበት አገር ቢፈለግ የእኛው ሳይጠቀስ አይታለፍም። «ኧረ እሱስ አበዛው!»፣ «እሷንስ ምን ነካት?» እየተባለ በየቤቱ የሚወቀሰው ሁሉ የሥጋ ዘመድ ወይም የእድር አባል አይደለም፤ ብዙ ጊዜ አንድ ደራሲ በብዕሩ የወለደው፣ አንድ ተዋናይም በድምፁ ያሳደገው ሰው ነው። በ2017 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን በተከታታይ ድራማነት ሲቀርብ የተነሣውን ክርክር የሚያስታውስ አንባቢ ለዚህ ሌላ ምስክር አያሻውም። ሥራው የመብት ጥያቄ ተነሥቶበት ነበር፤ የቡና ቤቱና የታክሲው ሸንጎ የያዘው ክስ ግን ሌላ ነው። «ሰብለ ወንጌል እንዲህ አትመስልም»፣ «ጉዱ ካሳ እንዲህ አይናገርም»፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «መጽሐፉ ላይ ይህ የለም!» የሚል።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ይህቺ የመጨረሻዋ አባባል ናት። «መጽሐፉ ላይ የለም» ከሚሉት መካከል መጽሐፉን ገልጠው የማያውቁ ብዙዎች ናቸው። ይህን የምለው ለነቀፋ አይደለም። እኔም ታሪኩን ከማንበቤ በፊት ያወቅሁት በጆሮዬ ነው፤ ያወቅሁትም ባኮ ላይ ነው። ታዲያ ያላነበበ ሰው «መጽሐፉ» ሲል ምን ማለቱ ነው? በገጸ ባሕርያት አድራጎት ላይ እንደ ሽማግሌ ተቀምጦ የመፍረድ ልማዳችንስ ከየት መጣ? መልሱን በአንዲት የመንገድ ዳር ከተማ በኩል ልፈልገው።

ከዲማ እስከ ባኮ

መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ጎጃም ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፉ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተማርከው በጣሊያን አገር የታሰሩ፣ ከነፃነት በኋላ በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ልብ ወለዱ የተዘረጋውም በሚያውቁት አገር ላይ ነው። የማንኩሳዎቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጃቸው በዛብህ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ተምሮ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ይገባና ፍቅር ይይዘዋል። የቀረውን አንባቢ ያውቀዋል።

አገሩ ግን መጽሐፉን ያወቀው በመጽሐፍነቱ ብቻ አይደለም። ከአምስት መቶ ገጽ የሚበልጠውን ይህን ድርሰት ገዝቶ ለማንበብ ፊደልም ገንዘብም ይጠይቅ ነበር፤ ሁለቱም ያልነበረው ሰው ብዙ ነው። መጽሐፉን ወደ ሕዝብ ያወረደው ሬዲዮ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው የኢትዮጵያ ሬዲዮ ዝግጅት ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በየክፍሉ እየከፋፈለ ተረከው። አንድ ሰው ነው፤ ነገር ግን ፊታውራሪ መሸሻን ሲሆን ድምፁ ይከብዳል፤ ጉዱ ካሳን ሲሆን ይሾላል፤ በዛብህ ላይ ሲደርስ ለስልሶ ያዝናል። ያነበበ ሰው እንደገና እንደ አዲስ ሰማው፤ ያላነበበ ሰው ደግሞ አነበብሁ ለማለት በቃ።

ባኮ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አምቦን፣ ጉደርንና ጌዶን አልፎ ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የምትገኝ የምዕራብ ሸዋ ጫፍ ናት። ከዚያ ወዲያ ወለጋ ነው። ዝቅ ያለች ሞቃት አገር ናት፤ ስሟ በአገር ደረጃ የሚነሣው በግብርና ምርምር ማእከሏና ከዚያ በሚወጣው የበቆሎ ዘር ነው። ሕዝቡ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ በዚያ ላይ መንገዱ፣ ገበያውና ምርምር ማእከሉ ያመጡት ከየአቅጣጫው የተሰባሰበ ሠራተኛና ነጋዴ ነበረባት። ስለዚህም አንድ የልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ በተቀመጠ ሬዲዮ ዙሪያ የጎጃም ሰው፣ የወለጋ ሰውና የባኮ ተወላጅ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ብርቅ አልነበረም።

ባትሪ ድንጋይ ውድ ነበር። ኃይሉ ሲደክም ፀሐይ ላይ እየተሰጣ ትንሽ ነፍስ እንዲዘራ ይደረግ ነበር። ትረካው በሚተላለፍበት ቀን ባትሪውን በዜና ማባከን እንደ ጥፋት ይቆጠር እንደነበር አስታውሳለሁ። ትረካው ሲያልቅ ግን ነገሩ የሚያልቅ አልነበረም። እንዲያውም የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

እብድ ነው ወይስ ዐዋቂ?

ከአድማጮቹ ውስጥ አማርኛ የማይሰሙ ወይም በከፊል ብቻ የሚሰሙ አዛውንት ነበሩ። ስለዚህ ትረካው እንዳለቀ አንዱ ተነሥቶ የሰማውን በኦሮምኛ ያወራል። ይህ ሰው ተርጓሚ ተብሎ ስም አልወጣለትም እንጂ ሥራው ዛሬ የድራማ ጸሐፊዎች ከሚሠሩት የተለየ አልነበረም። ምኑን አውጥቼ ምኑን ልተው፣ ይህን ቃል በምን ልተካው ብሎ ይወስናል። ውሳኔውም ወዲያውኑ ተቃዋሚ ይነሣበታል።

ትልቁ ጠብ የተነሣው በጉዱ ካሳ ላይ ነው። ካሳ ዳምጤን «ጉዱ» ያሰኘው ወገኑ የሆነውን የመኳንንት ቤት ሥርዓት ፊት ለፊት መንቀፉ፣ የዘር ቆጠራንና የልማድን ቀንበር ማፌዙ ነው። «ጉድ» የሚለውን የአማርኛ ቃል ወደ ኦሮምኛ እንዴት ይወስዱታል? አንደኛው ተራኪ «ማራታ» አለው፤ እብድ ማለት ነው። ሌላው ተቆጥቶ «ማራታ አይደለም፣ ቤካ ነው» አለ፤ ዐዋቂ ማለቱ ነው። በዚህ በአንድ ቃል ምክንያት ስንት ምሽት እንደተከራከሩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ክርክሩ የቋንቋ ብቻ አልነበረም። «ማራታ» ያሉት ሰዎች የሚያቀርቡት ማስረጃ ነበራቸው፤ ዐዋቂ ቢሆን ኖሮ ምሥጢሩን በሆዱ ይዞ፣ ከፊታውራሪ ጋር ተስማምቶ፣ ልጆቹን በብልሃት ያጋባ ነበር ይላሉ። «ቤካ» ያሉት ደግሞ እውነትን በአደባባይ የሚናገር ሰው በክፉ ዘመን ሊኖር የሚችለው እብድ ተብሎ ነው ባዮች ነበሩ። ዘመኑ ምን ዘመን እንደነበረ አንባቢ አይስተውም። ቀይ ሽብር ካለፈ ገና ጥቂት ዓመታት ናቸው፤ በአደባባይ መናገር ምን እንደሚያስከትል ያላየ ቤት ጥቂት ነው። «እብድ ተብሎ መኖር» የምትለዋን ነገር ሰዎቹ ስለ ዲማ ብቻ እንዳልተናገሯት ዛሬ ይገባኛል። ከወጣቶች ማኅበር የመጣው ልጅ ግን ጉዱ ካሳ «ንቃት ያለው ነገር ግን ሰፊውን ሕዝብ ያላደራጀ ምሁር» ነው ብሎ በጊዜው ቋንቋ ፈረደበት። ማንም አልተቃወመውም፤ ማንም አልተቀበለውም። ዝም አሉት። እሱ ሲሄድ ወደ ክርክራቸው ተመለሱ።

ወሬጋና አሴና

በዛብህ የተከሰሰው በፈሪነት ነው። «ለምን ሸሸ? ለምን ይዟት አልሄደም?» ይህ ጥያቄ መጽሐፉ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ አንባቢ ሁሉ የሚያነሣው ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ድራማውን የተመለከቱትም ይህንኑ ነው ያነሡት። ባኮ ላይ ግን ለበዛብህ ጠበቃ የቆሙለት አሮጊቶች ነበሩ። የእነሱ መከራከሪያ ስለቱ ነው። ስለት በኦሮምኛ ወሬጋ ይባላል፤ ወሬጋ የገባ ሰው ካልፈጸመ መዘዙ ለቤተሰቡ ሁሉ እንደሚተርፍ የሚያምን ኅብረተሰብ ውስጥ ነው የተቀመጡት። ስለዚህ ለእነሱ በዛብህ የፈራው ፊታውራሪን ብቻ አልነበረም፤ ከመወለዱ ጋር የታሰረበትን የወላጆቹን ቃል ነው። ከተማ የተማረው ወጣት ፍርሃት ያለውን እነሱ ዕዳ አሉት። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ፈሪ ይናቃል፤ ባለ ዕዳ ግን ይታዘንለታል።

ሰብለ ወንጌልን በተመለከተ የሰማሁት ፍርድ ደግሞ እስከ ዛሬ በየትኛውም የሥነ ጽሑፍ ሒስ ላይ አላገኘሁትም። በኦሮሞ ባህል አሴና የሚባል የጋብቻ ዓይነት አለ። ልጅቷ የወደደችው ወይም የመረጠችው ቤት በራሷ እግር ሄዳ ትገባለች፤ የገባችበት ቤትም እንዲሁ በቀላሉ ሊያባርራት አይችልም፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ነገሩ በጋብቻ ይቋጫል። አባቷ አጥንት ሲቆጥር ዕድሜዋ ያለፈባት ሰብለ፣ ለፊታውራሪ አሰጌ ልትዳር ስትል መነኩሴ መስላ ከቤት መጥፋቷ ሲተረክ፣ አንዲት አዴ «አሴና ሄደች!» ብለው እልል አሉ። እኛ ልጆቹ ሳቅን። እሳቸው ግን አልቀለዱም። ቀጥለውም «የምትገባበት ቤት ያጣች አሴና!» ብለው አዘኑ።

የዚህችን ልጅ መከራ በአንድ ሐረግ እንዲህ የጠቀለለ ሰው ከዚያ በኋላ አላጋጠመኝም። ሐዲስ ዓለማየሁ ስለ አሴና አልጻፉም፤ የጎጃም ባላባት ቤትም እንዲህ ዓይነት መውጫ በር አልነበረውም። ነገር ግን ያች አድማጭ በራሷ ባህል መነጽር ስታየው የታሪኩ ልብ ፍንትው ብሎ ታያት፤ ልጅቷ የመረጠችው ሰው እንጂ የምትጠጋበት ሥርዓት አልነበራትም። የሚቀበላትም ቤት በመጨረሻ የተገኘው በዛብህ የሞት አልጋ ላይ ከወደቀ በኋላ ነው።

ፊታውራሪና ጭሰኛው

ሦስተኛው ክርክር ስለ መሬት ነው። እዚህ ላይ የባኮ አድማጭና የጎጃሙ ደራሲ የሚተላለፉበት ነገር አለ። በጎጃም ባላገሩ በአብዛኛው ርስተኛ ነው፤ ግብርና እጅ መንሻ ለጌታው ይገብራል እንጂ መሬቱ በዘር የወረሰው ነው። በምዕራብና በደቡብ ያለው ብዙ ገበሬ ግን ጭሰኛ ነበር፤ እንደ ውሉ እርቦ፣ ሲሶ ወይም እኩል ለባለ መሬቱ ያስረክባል፤ ባለ መሬቱ ውጣ ባለው ቀንም ይወጣል። ይህን የሻረው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ሲታወጅና ትረካው በሬዲዮ ሲሰማ መካከል ያለው ጊዜ አጭር ነው። ሬዲዮ ዙሪያ ከተቀመጡት አዛውንት ውስጥ ከእህላቸው ሲሶውን ወይም እኩሌታውን በጀርባቸው ተሸክመው ያስረከቡ ነበሩበት።

ስለዚህ አበጀ በለው በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡትን ገበሬዎች ሲመራ፣ ፊታውራሪም ሲማረኩ፣ ባኮ ላይ የተሰማው ደስታ የድርሰት ደስታ ብቻ አልነበረም። ርስተኛ ይሁን ጭሰኛ ማንም አልጠየቀም፤ ሁሉም አበጀን የራሱ ጎረቤት አደረገው። ታሪክ ራሱም ይህን ገጽ ከመጽሐፉ ተከትሎ ጽፎታል ማለት ይቻላል። ልብ ወለዱ በታተመ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬዎች በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት በእውን አምጸዋልና።

ሆኖም ከእነዚያው አዛውንት መካከል ለፊታውራሪ መሸሻ ያዘነ ነበር ብል አንባቢ ይደነቅ ይሆናል። «እሱም እኮ ያሳደገው ልማዱ ነው» አሉ አንዱ፤ ሲሶ ሲያስረክቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ይህ ይቅርታ አልነበረም። ሰውየው ለምን እንደዚያ ሆነ ብሎ መጠየቅ ነው። ካድሬው በስብሰባ ላይ ፊውዳል ብሎ በአንድ ቃል የዘጋውን ሰው፣ እሳቸው ከፍተው ውስጡን አዩት። ጥሩ ልብ ወለድ ለአንባቢው የሚያደርገው ይህን ነው፤ የበደለህን ሰው ምክንያት እንድትጠይቅ ያስገድድሃል።

ወደ መስኮቱ

ቴሌቪዥን ኢትዮጵያ የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ከመጽሐፉ በአንድ ዓመት ይቀድማል። ይሁንና ሁለቱ ለመገናኘት ስድሳ ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል አልቀራቸውም። በመካከሉ የክርክሩ ልማድ ሌላ መድረክ አገኘ። በ2001 ዓ.ም. «ገመና»፣ ከዚያም ከ2003 እስከ 2006 ዓ.ም. «ሰው ለሰው» በቴሌቪዥን ሲተላለፉ ከተማው ሁሉ እንደገና ዳኛ ሆነ። በ«ሰው ለሰው» አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ምን ያህል ሰው ጥላቻን፣ ምን ያህል ሰው ደግሞ ያልተናገረውን አድናቆት እንዳተረፈ የምናስታውሰው ነው። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ አገር ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እያስገባ ሲመጣ የእኛ የጥበብ ባለሙያዎች ተቃውሞ አሰሙ፤ ተመልካቹ ግን የቱርክን ባልና ሚስት እንደ መንደሩ ሰው ይፈርድባቸው ጀመር። ልማዱ ያው የበረንዳው ልማድ ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። የሼክስፒር ኢያጎ ኦቴሎን ለምን እንዳጠፋው የእንግሊዝ ሊቃውንት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተከራክረውበታል። ኦቴሎን፣ ማክቤዝንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ የመለሰው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ በ1928 ዓ.ም. አምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለደ፣ ኦሮምኛንና ግዕዝን አብሮ ይዞ ያደገ የእኛው አካባቢ ልጅ ነው። ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1893 ሼርሎክ ሆምስን ቢገድለው አንባቢው አልቀበልም ብሎ ከዓመታት በኋላ ከሞት አስነሥቶታል። ደራሲ ገጸ ባሕርይን ይፈጥራል፤ ከተፈጠረ በኋላ ግን ብቻውን አያሳድገውም።

አሁን ወደ «መጽሐፉ ላይ የለም» ልመለስ። በ2017 ዓ.ም. ባኮ ላይ ድራማውን ከተመለከቱ የእኔ እኩዮች ጋር ስነጋገር አንድ ነገር ታዘብሁ። የሚያነሡት ጉድለት ሲመረመር ከገጹ ጋር ሳይሆን ከወጋየሁ ድምፅ ጋር የሚነጻጸር ሆኖ ይገኛል። ፊታውራሪ መሸሻ «እንደሱ አይደለም» ሲሉ፣ ወጋየሁ እንደተረካቸው አይደሉም ማለታቸው ነው። ለእነሱ መጽሐፉ ያ ድምፅ ነው። ያም ድምፅ ራሱ ትርጓሜ ነበር፤ የት ላይ እንደሚተነፍስ፣ ማንን እንደሚያከብድ፣ ማንን እንደሚያሾፍበት የወሰነ ሰው ሥራ። የአባቶቻችን ትርጓሜ ለእኛ ጥንተ ነገር ሆኖብናል። ዛሬ በስክሪን ያየ ልጅም ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚመጣውን ሌላ ሥራ «መጽሐፉ ላይ የለም» ብሎ እንደሚከስ አልጠራጠርም።

ታዲያ ሁሉም ትርጓሜ እኩል ነው ማለቴ ነውን? አይደለም። ድምፅ የማይወስደውን ነገር ምስል ይወስዳል። ሬዲዮ ዙሪያ ከተቀመጡት ሃያ ሰዎች እያንዳንዱ የራሱ ሰብለ ነበረችው፤ መልኳን ከእህቱ፣ ከጎረቤቱ፣ አይቶ ካላገኛት ልጅ ወስዶ የሣላት። ስክሪኑ አንዷን ብቻ ይሰጠናል። ያች ተዋናይ የቱንም ያህል ብትበቃ፣ ሌሎቹን አሥራ ዘጠኝ ከቤት ታስወጣለች። የተመልካቹ ቁጣ ምንጭ፣ እንደኔ አስተያየት፣ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው፤ ተዋናይዋ አልከፋችም፣ የእሱ ሰብለ ግን ተሰደደችበት።

መልክ ይወሰድ እንጂ ምክንያት አይወሰድም። በዛብህ ለምን ሸሸ? ጉዱ ካሳ ለምን ዝም አላለም? ሰብለስ የሚቀበላት ቤት ብታገኝ ኖሮ? እነዚህን ካሜራ ሊዘጋቸው አይችልም፤ ሊዘጋቸው የሚችለው የሚጠይቅ ሰው መጥፋት ብቻ ነው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በኦሮምኛ የተማሩት የባኮ ወጣቶች የድራማውን የቆየ አማርኛ እንደ በፊቱ አዛውንት በከፊል ነው የሚሰሙት፤ ዛሬ በተራው የሚያስረዳው ሽማግሌው፣ የሚጠይቀው ልጁ ሆኗል። አንዱ ወጣት «ጉዱ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ አባቱን ሲጠይቅ ሰማሁ። አባትየው ወዲያው አልመለሰም። የሚመርጠው ቃል ከሁለት አንዱ እንደሆነና የትኛውንም ቢመርጥ ተቃዋሚ እንደማያጣ ያውቃልና።